ለፎቶ ብሎ የተዘጋ ግቢ የገባ ልጅ ይታሰር?

የከዚራ ልጅ፦ ሰላም ድሬዎች። ባለፈው ሳምንት ሦስት የሰፈራችን ልጆች ሥራ ያቆመ አሮጌ ግቢ ውስጥ ካሜራ ይዘው ተገኙ። ጣቢያ አደሩ፣ በዋስ ወጡ። የሰበሩትም የወሰዱትም ነገር የለም። አሁን በስርቆት ሙከራ ሊከሰሱ ነው እየተባለ ነው። ልክ ነው?

መጋላ፦ አቦ ምኑ ያከራክራል! አጥር ካለ አትግባ ማለት ነው።

ሸሚንደፈር፦ ቀስ በል አቦ። ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ እዚህ ባይደርስ ይቺ ከተማ ራሷ የለችም። አሮጌ ወርክሾፕና መጋዘን ማየት የፈለገ ልጅ የገዛ ታሪኩን ነው የሚያየው። ነገ ጣሪያው ሲወድቅ ከፎቶው ሌላ ምን ይተርፈናል?

ሕግ ተማሪዋ፦ ስሜቱን ትተን ሕጉን እንይ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 604 ያለ ባለይዞታው ፈቃድ ቤትም ግቢም መግባትን ይከለክላል። ስለዚህ «ምንም አልነካንም» ብቻውን አያድንም። ስርቆት ግን ሌላ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ የመስረቅ ሐሳብ እንደነበራቸው ማስረዳት አለበት። ካሜራ ደግሞ መፍቻ አይደለም። ፖሊስም ቢሆን የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ አለ።

ሸሚንደፈር፦ በሠለጠነው አገር እንዲህ አይደረግም!

ሕግ ተማሪዋ፦ ይደረጋል እንጂ። እንግሊዝ አገር የሰው ይዞታ ውስጥ መግባት ብቻውን ባብዛኛው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ግን ብራድሊ ጋሬት የሚባለውን ተመራማሪ እይ። የተዘጉ የለንደን የምድር ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ከሚገቡ ሰዎች ጋር እየዋለ ያጠና ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ሂትሮው ላይ ገና ከአውሮፕላን ሳይወርድ ተያዘ። ክሱ ንብረት ለማበላሸት ማደም ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. ያለ እስር፣ በቅድመ ሁኔታ ተለቀቀ። ስንት ጊዜ ፍርድ ቤት እንደተመላለሰ አስቡት።

ጥበቃው፦ እኔ ዘበኛ ነኝ፤ የሌላ ግቢ እንጂ የዚያኛው አይደለሁም። ሌሊት ባትሪ ይዞ አጥር የሚዘልን ሰው ፎቶ አንሺ ይሁን ብረት ሰራቂ በምን ልለየው? ሽቦ ተቆርጦ ለቆራሌ ከተሸጠ ከደሞዜ ነው የሚቆረጠው። ስይዝ ለምን ያዝክ፣ ስተው ለምን ለቀቅክ! ቀን መጥተው «ጋሼ፣ ፎቶ እናንሳ» ቢሉኝ ለአለቃዬ እነግራለሁ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

መጋላ፦ ሰማችሁ?

የባቡር ጡረተኛ፦ ልጆቼ፣ እኔን የሚያሳስበኝ እስሩ አይደለም። ወርክሾፕ ውስጥ ከባቡሩ ሥር የምንሠራበት ጉድጓድ አለ። ሳንቃ ጣል ተደርጎበት ይተዋል፤ ሳንቃው ይበሰብሳል። በጨለማ አንድ እግር ካስገባህ በቃህ። ማን ሊያወጣህ ነው?

ሸሚንደፈር፦ ጋሼ፣ እሱስ ልክ ነህ። ግን ልጆቹን ወህኒ መክተት ጉድጓዱን አይደፍነውም። ባለቤቱ ወር በገባ አንድ ቀን በሩን ይክፈት፤ በአስጎብኚ፣ በትንሽ ክፍያ። ያኔ አጥር የዘለለውን ክሰሱት፣ እኔም አልከራከርም።

መጋላ፦ እሱን ከመዝለላቸው በፊት ነበር መጠየቅ። ይቀጡ፤ የስርቆቱን ክስ ግን እኔም አልወደድኩትም።

ሕግ ተማሪዋ፦ የከዚራ ልጅ፣ ካሜራቸውስ ተመለሰ?

የከዚራ ልጅ፦ አልተመለሰም። ማስረጃ ነው ተባሉ።

ሕግ ተማሪዋ፦ ይሻላቸዋል። ፎቶዎቹን ዳኛው ፊት ያስከፍቷቸው፤ ሊሰርቅ የገባ ሰው የግድግዳ ሰዓት ሲያነሳ አያድርም።