በተሰጡ ፊደላት የሚሠሩ የእንግሊዝኛ ቃላትን ሁሉ እንዴት ላግኝ?

የዳሞቱ መምህር፣ ፍኖተ ሰላም

እንደምን ሰነበታችሁ። በፍኖተ ሰላም አቅራቢያ የሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሐሙስ ዕለት ሰሌዳው ላይ ስድስት ፊደላት ጻፍሁ፦ ኢ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤን፣ ኤስ፣ ቲ። «ስድስቱንም አንድ አንድ ጊዜ እየተጠቀማችሁ ቃል ሥሩ» አልኋቸው። እኔ የያዝኋቸው መልሶች ሁለት ነበሩ፤ ማዳመጥ ማለት የሆነው ሊስን እና ጸጥ ያለ ማለት የሆነው ሳይለንት። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ግን ቲ፣ አይ፣ ኤን፣ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል ብላ ጻፈች። አይቼው የማላውቀው ቃል ስለሆነ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝሁት። ልጅቱ አልተከራከረችኝም። ደብተሯን ከድና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ማታ መዝገበ ቃላት ስገልጥ ቲንሰል የሚባል ቃል አለ። በበዓል ቤት የሚያስጌጡበት የሚያብረቀርቅ ጥብጣብ ነው። በማግሥቱ ከየት እንዳገኘችው ጠየቅኋት። እናቷ ሱቅ ውስጥ የገና ጌጥ የመጣበት ካርቶን ላይ አንብባው ነው። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ልጅ ከካርቶን ላይ ለቅሞ ያመጣውን ቃል መምህሩ ሊሰርዝበት አይገባም።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ፊደላቱን ሰሌዳ ላይ ከመጻፌ በፊት ከእነሱ የሚወጡትን ቃላት በሙሉ የማውቅበት ዘዴ አለ? አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ፤ ትምህርት ቤቱ ዘንድ ግን ኢንተርኔት አይገባም። እነዚህኑ ፊደላት ይዘው ሌላ ፊደል የጨመሩ ቃላትንም ብፈልግስ?

ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር

መምህር፣ ሰሌዳው ላይ የጻፉት ቅደም ተከተል ራሱ መልሱን ይዟል። ስድስቱን ፊደላት በእንግሊዝኛው የፊደል ተራ ነው የደረደሯቸው። ማንኛውንም ቃል ወስደው ፊደላቱን እንዲሁ በተራቸው ቢያሰልፏቸው ለቃሉ መለያ ይሆነዋል። ሊስንም፣ ሳይለንትም፣ ቲንሰልም ሲሰለፉ ያው ኢ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤን፣ ኤስ፣ ቲ ይሆናሉ። መለያቸው አንድ የሆነ ቃላት ሁሉ ከአንድ ፊደል ስብስብ የወጡ ናቸው። በዚህ መንገድ ሁለት ልጨምርልዎ፦ ኢንሊስት (ለውትድርና መመዝገብ) እና ኢንሌትስ (ባሕር ወደ የብስ የሚገባባቸው ጠባብ ሰርጦች)። ፊደላቱን እያቀያየሩ መሞከር ግን አያዋጣም፤ ስድስት ፊደል በ720 ዓይነት ይደረደራል፣ ሰባት ሲሆን 5040 ይደርሳል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ከዚህ ይለያል። እዚያ ቃሉ ሌላ ፊደል መጨመር ስለሚችል መለያው አይገጥምም። ያኔ እንደ ወንፊት ማሰብ ነው። የቃላት ዝርዝር የያዘ ፋይል አንድ ጊዜ ከተማ ሲወርዱ ላፕቶፑ ላይ ይጫኑ። መጀመሪያ ኢ ያለባቸውን ብቻ ያስቀሩ፣ ከቀሩት ውስጥ አይ ያለባቸውን፣ እንዲህ እያሉ እስከ ቲ ድረስ። ላፕቶፑ በሊኑክስ ሥርዓት የሚሠራ ከሆነ፣ የተፈለገው ፊደል ያለባቸውን መስመሮች ብቻ የሚያስቀረውን ግሬፕ የሚባል ትእዛዝ ስድስት ጊዜ አከታትሎ መጠቀም ነው፤ በኤክሴል ደግሞ ለየፊደሉ አንድ ዓምድ ይበቃል። ጂ የጨመሩት ግሊስን፣ ሲንግሌትና ቲንግልስ በዚህ ወንፊት ያልፋሉ።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ከተሰጡት ፊደላት አንዱ ሁለት ጊዜ ከመጣ ወንፊቱ አይለየውም፤ መኖሩን እንጂ ብዛቱን አያይም። ስለዚህ ይቁጠሩት፦ ያ ፊደል ከቃሉ ሲወጣ የሚቀረውን ርዝመት ከሙሉው ርዝመት ቢቀንሱ ብዛቱ ይወጣል።

የቀድሞ የቆሎ ተማሪ፣ ሞጣ

እኔ ኮምፒውተር አላውቅም፤ በልጅነቴ ቅኔ ቆጥሬያለሁ፣ ኋላም እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። መምህር፣ ልጆችዎን መጀመሪያ በአማርኛ ያስጀምሯቸው። በ፣ ሰ፣ ለን ይስጧቸው። በሰለ፣ ለበሰ፣ ሰለበ ይወጣል። ረ፣ ገ፣ መ ቢሰጧቸው ረገመ፣ ገረመ፣ መረገ ይላሉ። ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭር ቅኔ ለመቁጠር ዛፍ ሥር የተቀመጠ ተማሪ ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ አንዱን ቃል አገላብጦ የተደበቀውን ማየት ነው።

ከዚያ በኋላ ልዩነቱን ያሳዩአቸው። የእኛ ፊደል አናባቢውን በሆዱ ይዟል፤ ለ ሌላ፣ ሊ ሌላ ነው። በእንግሊዝኛው ኢ እና አይ ለብቻቸው ስለሚቆሙ ካሻቸው ቦታ ይሄዳሉ። የእኛ ልጆች ደግሞ የሚጽፉት እንደሚሰሙት ነው። ሊስን ሲባል ቲ አይሰማም። ስለዚህ በጆሮ የሚፈልግ ልጅ ቲን ከእጁ ላይ ሊጥላት ስለማይችል ያንኑ ቀላሉን ቃል ያጣዋል። በዓይን እንዲፈልጉ ያስተምሯቸው።

መዝገበ ቃላቱንም ያለ ኮምፒውተር መጠቀም ይቻላል። ከስድስቱ ፊደላት እያንዳንዱን መነሻ አድርገው ሁለተኛውን ፊደል ብቻ ይመልከቱ። በኤል ጀምሮ ኤን የሚከተለው ቃል አያገኙም፤ ያን ይዝለሉት። ኤስ እና ቲ ሲከታተሉ ግን ብዙ ገጽ ስለሚኖር እዚያ ይቆዩ።

ፊደላቱን በካርድ ቢሠሯቸው ደግሞ ደስ ይላል። ፊደላት እየገጣጠሙ ቃል የሚሠሩበት ስክራብል የሚባለው ጨዋታ በእንግሊዝኛ 100 የፊደል ጠጠር አለው። ኢ 12፣ ኤ እና አይ ዘጠኝ ዘጠኝ፣ ኪው እና ዜድ አንድ አንድ ብቻ ናቸው። ያን መጠን ይከተሉ። እንግሊዝኛ በብዛት የሚጠቀምባቸው ፊደላት ካልበዙ ልጆቹ ቃል ሳያገኙ ይሰለቻሉ።

የዳሞቱ መምህር፣ ፍኖተ ሰላም

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ በበሰለ፣ ለበሰ፣ ሰለበ ጀመርን። በዝምታ የሚታወቁት ልጆች ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡ። ቀጥዬ ለእያንዳንዱ ተማሪ ከደብተሩ መጨረሻ አንድ ገጽ ለመለያ አስያዝሁ፤ አዲስ ቃል ባገኙ ቁጥር ፊደላቱን በተራ አሰልፈው ከጎኑ ይጽፉታል። በአንድ ሳምንት ውስጥ የክፍሉ መዝገብ ከእኔ መልስ መያዣ እንደሚበልጥ ይታየኛል።

ስለ ሰረዝሁት ቃል ልጅቱን በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠይቄ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ከዚያ ኢንሊስትን ሰሌዳው ላይ ሳልጽፈው እሷው ቀድማ አገኘችው። ቃሉን አታውቀውም ነበር፤ ኢ እና ኤንን አስቀድማ ስትሞክር «ሊስት የሚለው ከኋላ ይቀጥላል» ብላ ነው የደረሰችበት።

ካርዶቹን ከሳሙና ካርቶን እየቆረጥን ነው። 63 ላይ ካርቶን አለቀብን። የቀረውን ነገ ከእናቷ ሱቅ ታመጣለች።