ከባቲ ያመጣኋቸው ጊደሮች ደጋውን አልለምድ አሉኝ

ሰላም ወገኖቼ። ከቆላ ወደ ደጋ ከብት አምጥታችሁ ያረባችሁ ካላችሁ ምክራችሁን እሻለሁ።

ያለሁት ኩታበር ነው። ከባቲ የሰኞ ገበያ ሁለት ጊደሮች ገዝቼ አመጣሁ። ሲመጡ ጠጉራቸው ያብረቀርቅ ነበር፤ አሁን ቆሟል፣ ጎናቸውም ገብቷል። የገብስ ገለባ ስሰጣቸው አሽትተው ይተዉታል። ቆላ ላይ የለመዱት የግራር ቅጠልና ፍሬ፣ የማሽላ አገዳ ነው።

የእንስሳት ሐኪም አይቷቸው ትኩሳትም ሆነ ሌላ የበሽታ ምልክት አላገኘም። በሆዳቸው ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን አዲስ መኖ እስኪለምዱ ከ2 እስከ 3 ሳምንት እንደሚወስድባቸው፣ መኖ ሲቀየርም ቀስ በቀስ እየቀላቀሉ መሆን እንዳለበት አስረዳኝ። እንዳለው አደረግሁ፤ ጊዜው ግን አለፈ። ጎረቤቶቼ «አብሽር፣ ይለምዱታል» ይሉኛል። እኔ ግን እያየኋቸው ሲመነምኑ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ገለባውን ጨው ባለው ውኃ አርሼ፣ ትንሽ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረውን) ጨምሬ ብሰጣቸው ይሻላል? ወይስ ከቆላ የማሽላ አገዳ እያስመጣሁ ልደባልቅላቸው? ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ቤት ውስጥ ነው የማሳድራቸው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ክረምቱ ነው። የእኛ ግጦሽ ረግረግ ስላለበት ቀንድ አውጣ ይበዛበታል፤ የጉበት ትልም የሚመጣው ከዚያው ነው። ዝናቡ ሲገፋ ደግሞ ማጌጥ የሚባለው የግጦሽ ተክል ይለመልማል፤ በባዶ ሆዳቸው ከጋጡት ይነፋቸዋል። ጠዋት ገለባ አብልቼ ነው የማሰማራቸው፣ ወይስ ክረምቱን ሙሉ እያጨድሁ ቤት ልቀልባቸው? የጉበት ትል መድኃኒቱንስ እናንተ የምታስወስዱት ክረምት ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ ሲወጣ?