«ይሄን ፊልም አስር ጊዜ ያላየ ቢዝነስ አይጀምር» ስላለው አሰልጣኝ

የፒያሳ ልጅ፦
ቲክቶክ ላይ የሚዞረውን ቪዲዮ አያችሁት? ቦሌ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ የቢዝነስ አሰልጣኝ ነኝ ባይ፣ ዲካፕሪዮ ማይክ ይዞ ሲጮህ ስክሪን ላይ እያሳየ «ዘ ዎልፍ ኦፍ ዎል ስትሪትን አስር ጊዜ ያላየ ሰው ቢዝነስ አይጀምር፣ ስግብግብነት ጥሩ ነው» ይላል፣ አዳራሹ ደግሞ ያጨበጭባል። ወገን ፊልሙ የሚተርክለት፣ ዲካፕሪዮ የሚጫወተው እውነተኛ ሰውዬ እኮ ሌባ ነው! ጆርዳን ቤልፎርት ማለት የማይረባ አክሲዮን ቀድሞ ሰብስቦ፣ በስልክ እያጋነነ ዋጋውን ሰቅሎ፣ ከዛ የራሱን አራግፎ ሰውን ባዶ እጁን የሚያስቀር፣ ተፈርዶበት 22 ወር የታሰረ፣ 110 ሚሊዮን ዶላር ለተበዳዮች መልስ የተባለ ሰው ነው። «ስግብግብነት ጥሩ ነው» የሚለው ደግሞ ጭራሽ ከዚህ ፊልም አይደለም፣ የ1987ቱ ዎል ስትሪት ላይ ጎርደን ጌኮ ነው ያለው። ሳያይ ነው የሚያሰለጥነው። ግን እውነቱን ንገሩኝ ካላችሁ እኔን ያናደደኝ አሰልጣኙ ሳይሆን ፊልሙ ነው። ሶስት ሰዓት ሙሉ ድግስ አሳይተውን የተዘረፈውን ሰው ፊት አንድ ደቂቃ አላሳዩንም።

የፊልም ሱሰኛ፦
አቦ ተው። ዳይሬክተሩ ስኮርሴዚ ምን ያድርግ፣ ከታች በቀይ «ይህን አታድርጉ» ብሎ ይጻፍ? ተመልካች ሕፃን ልጅ አይደለም። የተዘረፈው ሰው ፊት የማይታየው ሆን ተብሎ ነው፣ ምክንያቱም ለነሱ የስልክ ድምፅ ብቻ ስለነበረ ነው። ቤልፎርት መጀመሪያ የሚደውልለትን ሰውዬ አስታውስ፣ የቤቱን ዕዳ ስለመክፈል ሲያወራው የስራ ባልደረቦቹ ተሰብስበው እያደነቁ ይሰማሉ። እዛ ጋ ካልከበደህ ችግሩ አንተ ጋ ነው።

የፒያሳ ልጅ፦
እኔማ ከብዶኛል፣ አዳራሹ ግን አጨበጨበ።

ወይዘሪት ሂሳብ፦
«ተመልካች ሕፃን ልጅ አይደለም» 😂 እሺ። ሕፃን ያልሆነው ተመልካች ነው ለስልጠናው መግቢያ የከፈለው?

የፊልም ሱሰኛ፦
ለሚከፍል ሰው እኔ ምን ላድርግ። ያ ሰው ፊልሙ ባይኖርም ሌላ ነገር አግኝቶ ይከፍል ነበር።

ባንክ ቤት ነኝ፦
ሁለታችሁም የተሳሳተ ፊልም ላይ ነው የምትጣሉት። ገንዘብ ቤት ውስጥ የሚሰራ ሰው የሚያውቀውን ስግብግብነት ያሳየው ማርጂን ኮል ነው፣ 2011። ጭፈራ የለ፣ ላምቦርጊኒ የለ፣ አንድ ሌሊት ቢሮ ውስጥ የተቀመጡ የደከማቸው ሰዎች። አንዱ ወጣት ሂሳቡን ሲሰራ ድርጅቱ የያዘው ንብረት ትንሽ ዋጋው ቢወርድ ድርጅቱን ሙሉ ለሙሉ እንደሚበላው ያያል፣ ጠዋት ገበያው ሲከፈት ያንን ቆሻሻ ለደንበኞቻቸው ሸጠው ይጨርሳሉ፣ ሰው ሳይነቃ። ማንም አይጮህም። ዳይሬክተሩ ቻንዶር አባቱ ሜሪል ሊንች የሚባል ትልቅ የዎል ስትሪት ድርጅት ውስጥ ለዓመታት የሰራ ስለሆነ ቤቱን ያውቀዋል። እኛ ቢሮ ስብሰባ ላይ የማያቸው ፊቶች እነዛ ናቸው፣ ደረቱን የሚደልቅ ማንም የለም።

ሶስና የገርጂዋ፦
ማርጂን ኮልን በጣም ነው የምወደው ግን ሴቷን ምን እንዳደረጓት አልረሳም። ዴሚ ሙር የሪስክ፣ ማለት የኪሳራ ስጋት ተቆጣጣሪ ኃላፊ ናት፣ አስጠንቅቄያለሁ ትላለች፣ ጠዋት ላይ ግን መስዋዕት የምትሆነው እሷ ናት። ዎልፍ ላይ ደግሞ ሴት ማለት ወይ ሚስት ወይ እቃ። ፊልሞቹ ሁሉ የወንድ ጥጋብ ናቸው።

የፊልም ሱሰኛ፦
ኢኩዊቲ የሚለውን እይ፣ 2016፣ ሴቶች ናቸው የሰሩት፣ ባንክ ውስጥ ያለች ሴት «ገንዘብ እወዳለሁ» ስትል ታያለሽ።

ሶስና የገርጂዋ፦
አይቼዋለሁ። እሱን አሰልጣኝ አዳራሽ ውስጥ ሲያሳይ ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

የፒያሳ ልጅ፦
@የፊልም ሱሰኛ ወደ ሕፃኑ ልመልስህ። ዎልፍ ላይ ዲካፕሪዮ ካሜራውን እያየ አይፒኦ (ድርጅት አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲሸጥ) ምን እንደሆነ ማስረዳት ይጀምርና ለማንኛውም አልገባችሁም ብሎ ይተወዋል። ማለት ፊልሙ ራሱ አትረዱም፣ ዝም ብላችሁ ድግሱን እዩ እያለህ ነው። ሕፃን አይደለም ያልከውን ተመልካች እንደ ሕፃን ነው የያዘው። ስለ 2008ቱ ቀውስ የተሰራው ዘ ቢግ ሾርት ቢያንስ ቆም ብሎ ያስረዳል፣ ያውም ማርጎ ሮቢን፣ ዎልፍ ላይ ሚስት የሆነችውን ራሷን፣ ገንዳ ውስጥ አስገብቶ ስለ ሰብፕራይም ብድር፣ መክፈሉ ለሚያጠራጥር ሰው ስለሚሰጠው የቤት ብድር፣ እያስወራ። ቀልዱም እዛው ላይ ነው፣ እንድትሰማ እርቃን ካስፈለገህ ይኸው ብሎ።

የፊልም ሱሰኛ፦
ያ እኮ ነው ሕፃን ማድረግ ማለት! ሲኒማ ትምህርት ቤት አይደለም። ስኮርሴዚ የሚያሳይህ ሌባው አንተን እንዴት እንደሚያወራህ ነው፣ «አትጨነቅ ዝርዝሩ አይገባህም» እያለ ነው ኪስህ የሚገባው። አሰልጣኝህም እንደዛ ነው የሚያወራው። ፊልሙ አጋልጦታል እንጂ አልሸለመውም።

ባንክ ቤት ነኝ፦
ሕፃን ካላችሁ አይቀር፣ ማርጂን ኮል ላይ ጄረሚ አይረንስ፣ የድርጅቱ ቁንጮ፣ በሌሊት በሄሊኮፕተር መጥቶ ስብሰባ ላይ ምን ይላል? ለትንሽ ልጅ ወይም ለውሻ እንደምታስረዳ አድርገህ ንገረኝ። የሁሉም አለቃ ሂሳቡን አያውቀውም። እሱ የሚከፈለው ለማወቅ ሳይሆን መቼ መሸሽ እንዳለበት ለማሽተት ነው።

ወይዘሪት ሂሳብ፦
እሺ ሕፃኑ ተገኘ። ሄሊኮፕተር ያለው ነው 😂😂

ዲሲ ነኝ፦
እናንተ ስለ ፊልም ትቀልዳላችሁ እኔ አሜሪካ ሜሪላንድ ነበርኩ በዛ የቤት ብድር ቀውስ ሰዓት። 2006 አካባቢ ብድሩን እንደ ከረሜላ ነበር የሚያድሉት፣ ታክሲ የሚነዳው፣ ፓርኪንግ የሚሰራው ሐበሻ ሁሉ ቤት ገዛ፣ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ወለዱ ዝቅ ያለ ነው ከዛ ይሰቀላል፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል ግን ማን አንብቦት። ሲሰቀል እና የቤቱ ዋጋ ሲወድቅ አንድ ላይ ሆነ። ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ መንገዱ ሙሉ ባንክ የወሰደው ቤት። ማርጂን ኮል ላይ ስክሪን ላይ ቁጥር ሆኖ የሚታየው እነሱ ናቸው። ሊማን ብራዘርስ የሚባለው ባንክ መስከረም 2008 ከ600 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ይዞ ሲወድቅ ዜናው ላይ ካርቶን ተሸክመው የሚወጡትን ሰራተኞች ነበር የሚያሳዩን፣ ከቤቱ ካርቶን ተሸክሞ የወጣውን ሰው ማንም አልቀረጸውም።

የፒያሳ ልጅ፦
👏👏 እኔ የምለው ይሄን ነው።

የፊልም ሱሰኛ፦
ይሄ የሚያሳዝን ነው ግን ክርክሩን አይመልስም። ኢንሳይድ ጆብ አለልህ፣ ስለ ቀውሱ የተሰራ ዶክመንተሪ ነው፣ ኦስካር ወስዷል፣ ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ቆሞ ሶስት ዓመት ሆነው አንድም የፋይናንስ ሃላፊ አልታሰረም ብሎ ተናግሯል። ስንት ሰው አየው? ዎልፍ ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ሰው ስብከት አያይም፣ ከኔ ጋር አትጣሉ።

ወይዘሪት ሂሳብ፦
ስለ ዎልፍ ገንዘብ ካነሳህ አይቀር የተሰራበትስ ብር ከየት መጣ? ሬድ ግራናይት የሚባለው ድርጅት ነው ያመረተው፣ ከመስራቾቹ አንዱ የያኔው የማሌዥያ ጠቅላይ ሚኒስትር የእንጀራ ልጅ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ብሩ ከማሌዥያ የመንግሥት ፈንድ ከዋንኤምዲቢ የተዘረፈ ነው ብሎ ከሰሰ፣ 2018 ላይ ድርጅቱ ጥፋተኛ ነኝ ሳይል 60 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን ዘጋ። ዲካፕሪዮ ራሱ በስጦታ የተሰጠውን የማርሎን ብራንዶ ኦስካር ሳይቀር መለሰ። ስለ ሌባ የተሰራ ፊልም በሌባ ብር ተሰራ ተብሎ ተከሰሰ ማለት ነው። አሁን ማነው ማንን ያጋለጠው?

አቢቲ፦
የምርሽን ነው?? ይሄንን ማን ፊልም ያደርገዋል

የፊልም ሱሰኛ፦
ዳይሬክተሩ የብሩን ምንጭ አላወቀም። ፊልም በፊልምነቱ ነው የሚዳኘው።

ወይዘሪት ሂሳብ፦
እንዴ! ሕፃን ነበር እንዴ?

የፊልም ሱሰኛ፦
አሁን ይሄ ቃል ይለቀቅልኝ በናታችሁ።

ሻይ ቤት፦
ወይዘሪት ሂሳብ ዛሬ አታስተነፍስም 😂

ዲያቆኑ፦
እኛ ጌኮ ምን ያስፈልገናል፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ስንል ከኖርን በኋላ። ፈረንጅ ፊልም ሰርቶ አበላሸን አትበሉ። ልዩነቱ እነሱ ካስተማሩት በኋላ ያስራሉ። ጌኮን ሲጽፉ ብዙ የቀዱት ከዎል ስትሪቱ የአክሲዮን ነጋዴ ከአይቫን ቦስኪ ነው፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ለተማሪዎች ስግብግብነት ጤናማ ነው ብሎ ነገራቸው፣ 1986 ላይ፣ እነሱም አጨበጨቡ፣ በዚያው ዓመት በውስጥ መረጃ ሲነግድ ተያዘ፣ 100 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቶ እስር ቤት ገባ። የናንተ አዳራሽ የመጀመሪያው አይደለም።

የፒያሳ ልጅ፦
ዲያቆን ተረቱ እኮ ሹሙን ለመሸርደድ የተነገረ ነው፣ እንደ አስርቱ ትዕዛዛት የወሰድነው እኛ ነን። ከጌኮ ጋር የተደረገውም ያው ነው። ኦሊቨር ስቶን አባቱ የአክሲዮን ደላላ ነበር፣ ፊልሙን ለአባቱ መታሰቢያ ነው ያደረገው፣ ደግ ደላላና ክፉ ደላላ እያለ ለይቶ ሊያሳየን ለፋ። ማይክል ዳግላስ ኦስካር ወሰደበት፣ ከዛ በኋላ ለዓመታት ወጣቶች እየመጡ «ወደ ዎል ስትሪት የገባሁት በአንተ ምክንያት ነው» ይሉት ነበር፣ ክፉውን ነው የተጫወትኩት እያለ። በመጨረሻ የአሜሪካ ፌደራል ፖሊስ ኤፍቢአይ ራሱን ዳግላስን ማስታወቂያ አሰርቶ የውስጥ መረጃ ይዞ መነገድ ወንጀል ነው አስባለው፣ 2012። ፊልሙ ካስጠነቀቀ ይሄ ማስታወቂያ ለምን አስፈለገ?

የፊልም ሱሰኛ፦
በዚህ አካሄድማ ስለ ሌባ ፊልም አይሰራ በለኛ። ዎልፍ መጨረሻ ላይ ኤፍቢአዩ ሰውዬ ባቡር ውስጥ ደክሞት ወደ ቤቱ ሲሄድ ታየዋለህ። ያ ነው ሐቀኛው ሰው። ከዛ ካሜራው አዳራሽ ውስጥ አፋቸውን ከፍተው የተቀመጡትን ሰዎች ያሳይሃል፣ እስክሪብቶውን እንዲሸጡለት ሲጠይቃቸው። አንተን ነው ያሳየህ! የቦሌውን አዳራሽ ስኮርሴዚ 2013 ላይ ቀርጾታል።

የፒያሳ ልጅ፦
እና በዛ ትዕይንት ላይ ዲካፕሪዮን ወደ መድረክ የሚጋብዘው ማነው? እውነተኛው ቤልፎርት ራሱ! ሌባውን ፊልሙ ላይ አወጡት። ያ ማጋለጥ ነው? ማስታወቂያ ነው። ኤፍቢአዩን ባቡር ላይ ያየ ወጣት ደግሞ ሐቀኛ ሰው ነው አላለም፣ «ፋራ፣ ቤልፎርት ጀልባው ላይ ሊሰጠው የሞከረውን ጉቦ መቀበል ነበረበት» ነው ያለው። ከአንድ ግቢ ልጆች ጋር ነው ያየሁት፣ ሲስቁበት ሰምቻለሁ።

አቢቲ፦
ከግቢ ልጆች ጋር በፍላሽ ነዋ ያየኸው። ብር ሳትከፍል። ስለ ሌብነት የምታስተምረን 😂

የፒያሳ ልጅ፦
አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት አልመጣ፣ ምን ላድርግ።

አቢቲ፦
ቤልፎርትም እንደዛ ነው ያለው «ምን ላድርግ»

ዲሲ ነኝ፦
እዚህ በጥቂት ዶላር ነው የሚከራየው።

አቢቲ፦
ዲያስፖራ ጀመረ። በጥቂት ዶላር እኛ ምሳ እንበላለን ወንድሜ።

ባንክ ቤት ነኝ፦
ወደ ቁምነገሩ እንመለስ። እኔን ፊልሞቹ ላይ የነካኝ ስግብግብነቱ ሳይሆን እንዴት እንደሚጀምር ነው። ማርጂን ኮል ላይ ሂሳቡን ያገኘው ልጅ የተማረው የሮኬት ሳይንስ ነው፣ ለምን እዚህ መጣህ ሲሉት እዚህ ክፍያው የተሻለ ነው ይላል፣ በቃ። ከስራ የተባረረው አለቃው ደግሞ ድሮ መሐንዲስ ነበር፣ የሰራውን ድልድይ ያስታውሳል፣ ለሰው ስንት ሰዓት መንገድ እንደቆጠበ በአእምሮው ሲያሰላ እንባዬ መጥቷል። እኛ ቅርንጫፍ ውስጥ ሲቪል ምህንድስና ተመርቀው ተቀማጭ አምጡ ተብለው ሱቅ ለሱቅ የሚዞሩ ልጆች አሉ። ማንም ስግብግብ አይደለም። ደሞዝ ነው።

ሶስና የገርጂዋ፦
ይሄ ግን ልክ ነው 😔

ወይዘሪት ሂሳብ፦
ልክ ነው ግን አመለጣችሁ። እዛው ፊልም ላይ አንዱ ባለፈው ዓመት 2.5 ሚሊዮን ዶላር አግኝቼ ጨረስኩት ይላል። «ደሞዝ ነው» ብለን እሱንም ማለፍ ነው?

ባንክ ቤት ነኝ፦
እሱን አላልኩም። ቃሌን አትጠምዝዢ።

ሻይ ቤት፦
እኔ ጥያቄ አለኝ። የኛ ፊልም ውስጥ ሀብታም ሰውዬ መአት ነው፣ ቪላ፣ ደረጃ፣ ሳሎን ውስጥ ስልክ ላይ የሚጮህ። ብሩን ከየት እንዳመጣው ግን አንድ ቀን ተነግሮን ያውቃል? «አስመጪና ላኪ» ነው። ምን አስመጣ? ምን ላከ? አይታወቅም። ልጁ ደሃ ትወዳለች፣ አባት ይቆጣል፣ አለቀ።

የፊልም ሱሰኛ፦
ይሄ ከዛሬ ሁሉ ምርጡ ነጥብ ነው። ስግብግብነትን እንደ ጠባይ እንጂ እንደ ስራ አሳይተን አናውቅም። ኤልሲው፣ ዕቃ ለማስመጣት ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና፣ እንዴት እንደተከፈተ፣ ዶላሩን ማን እንደፈቀደ፣ መሬቱ በማን ስም እንደዞረ የሚያሳይ ፊልም ቢሰራ ከዎልፍ በላይ ያስፈራል።

ዲያቆኑ፦
ማን ይሰራዋል፣ ፕሮዲውሰሩ አስመጪና ላኪ ነው 😂

ባንክ ቤት ነኝ፦
አሁን እኮ የኛም የሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያ፣ አክሲዮን የሚገበያዩበት፣ ተከፍቷል፣ በኛ አቆጣጠር ጥር 2017። አሰልጣኞቹ የሚበዙት ለዚህ ነው። አክሲዮን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው «ዋጋው ነገ እጥፍ ይሆናል» ሲባል ይገዛል። ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አለ ግን ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀውን ሁሉ ሊያባርር ነው?

ተመራቂው፦
ስታወሩ ሰማሁ እኔ ስልጠናውን ወስጃለሁ። ሰው የማያውቀውን አይስደብ። ያስተማረን በራስ መተማመን ነው፣ እስክሪብቶ መሸጥ ነው፣ ሌብነት አላስተማረንም። እናንተ ፊልም ስትተነትኑ እኛ እየሰራን ነው።

ወይዘሪት ሂሳብ፦
ስንት ከፈልክ?

ተመራቂው፦
ያ የግል ነው።

ወይዘሪት ሂሳብ፦
ስንት እስክሪብቶ ሸጥክ?

ተመራቂው፦
ሰው ሲለወጥ የሚያማችሁ ለምንድነው። ጓደኛ አምጥቼ ኮሚሽን አግኝቻለሁ፣ ይሄ ሌብነት ነው?

የፒያሳ ልጅ፦
ጓደኛህ ምን ገዛ?

ተመራቂው፦
ስልጠናውን።

የፊልም ሱሰኛ፦
እሺ እኔ እዚህ ጋ አቋርጣለሁ፣ ግን ፊልሙ ላይ ያለኝን አልቀየርኩም።

የፒያሳ ልጅ፦
አትቀይር። እዚህ ቁጭ ብለህ ከተመራቂው ጋር ተነጋገር፣ ሕፃን ልጅ አይደለም ብለሃል።

ተመራቂው፦
ማንን ነው ሕፃን የምትለው አንተ??