የመተማመኛ ድምፅ ሲመጣ ፓርላማ መዝጋት፦ መብት ነው ሽሽት?

የማታ አንባቢ፦ እስቲ አንድ ነገር ላንሳ። አብላጫ ወንበር የሌለው ጠቅላይ ሚኒስትር በመተማመኛ ድምፅ፣ ማለትም አባላቱ መንግሥቱ ይቀጥል ወይስ ይውረድ ብለው በሚሰጡት ድምፅ፣ መሸነፉን ሲያውቅ ፓርላማውን ለጊዜው ቢዘጋ ትክክል ነው? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። የካናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ስቴፈን ሃርፐር እ.ኤ.አ. በ2008 ከ308 ወንበር 143 ብቻ ነበረው። ለፓርቲዎች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ ላንሳ ሲል ሊበራሎችና ኒው ዴሞክራቶች ጥምር መንግሥት ልንመሠርት ነው ብለው ተፈራረሙ፣ የኩቤክ ብሎክ የሚባለው ፓርቲም ደገፋቸው። የሦስቱ ወንበር ድምር 163። የመተማመኛ ድምፁ ለዲሴምበር 8 ተቀጠረ። አራት ቀን ሲቀረው የንግሥቲቱ እንደራሴ የሆነችው አገረ ገዢ ሚካኤል ዣን ዘንድ ሄደ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ተነጋገሩ፣ ሲወጣ ፓርላማው እስከ ጃንዋሪ 26 ተዘግቷል።

ሕግ ይከበር፦ ወንድሜ፣ የቱን ሕግ ጣሰ? ጠየቀ፣ ተፈቀደለት፣ አለቀ። ምርጫው እኮ ሁለት ወር አልሞላውም ነበር፤ ያንን ጥምረት ብሎ ድምፅ የሰጠ ሰው የለም። እረፍቱ ነገሩን አበረደው። በጀቱ ሲመጣ ሊበራሎቹ ራሳቸው አሳለፉት፣ በ2011 ደግሞ ሕዝቡ ለሃርፐር አብላጫ ሰጠው።

የማታ አንባቢ፦ አበረደው አትበለኝ። ጥምረቱ የፈረሰው ተቆጥሮ ተሸንፎ ሳይሆን ጊዜ ተገዝቶበት ነው። በእነዚያ ሰባት ሳምንታት የሊበራሎቹ መሪ ስቴፋን ዲዮን ወረደ፣ ተተኪው ሐሳቡን ቀየረ። ደግሞስ ሕዝቡ ለሃርፐርስ መቼ አብላጫ ሰጠው፣ በ2008? ሕዝብ ተወካዩን ይልካል፣ ማን ያስተዳድር የሚለውን እነሱ ይቁጠሩት።

ዝምተኛዋ፦ እኔን የሚገርመኝ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ካላሃን ነው። ከአገሩ ሊበራሎች ጋር ተስማምቶ ቆየ፣ ስምምነቱ ሲያበቃ ከትንንሾቹ ፓርቲዎች አንድ አንድ ድምፅ ይለምን ነበር። ይሄ ያለ ነው፣ አልነቅፈውም። ማርች 28 ቀን 1979 ማታ ግን አንድ የፓርቲው አባል ክፉኛ ታሞ ነበር። በአምቡላንስ መጥቼ ድምፄን እሰጣለሁ አለ። መንገድ ላይ እንዳይሞት ተፈርቶ ይቅር ተባለ። ካላሃን 311 ለ310 ወደቀ፣ ታማሚው ከአምስት ቀን በኋላ አረፈ። ሥልጣኑን ያጣው በዚያች አንድ ድምፅ ነው፣ ግን ቆጠራውን አልሸሸም።

ሕግ ይከበር፦ ካላሃን ጨዋ ነው፣ አልክድም። ግን በሰው ጨዋነት ላይ ሥርዓት አይቆምም እህቴ። የጀርመኖቹ ይሻላል፦ ቻንስለሩን፣ ማለትም የመንግሥቱን መሪ፣ ለማውረድ ተተኪውን በዚያው ድምፅ መምረጥ ግድ ነው። በ1982 ሽሚት ወርዶ ኮል የገባው እንደዚያ ነው።

የማታ አንባቢ፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን በሩ ከተዘጋ ተተኪውስ የት ይመረጣል? በ2019 ቦሪስ ጆንሰን ፓርላማውን ለአምስት ሳምንት ሲዘጋ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 11 ዳኞች በአንድ ድምፅ ሕገወጥ ነው አሉ። በማግሥቱ አባላቱ ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

ሕግ ይከበር፦ እሺ፣ ድምፅ ከተቀጠረ ወዲያ መዝጋት የለም የሚል ሕግ ቢወጣ እፈርማለሁ። ምርጫ ሁለት ወር ሳይሞላው መንግሥት መለወጡን ግን አሁንም አልወደውም።