«ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት»፦ የሂፕሆፕ ክሊፕ የግጥሙ አሽከር ነው?

ብራና፦
አንድ የውይይት ፕሮግራም ላይ የቀረበው እንግዳ ያለውን ሰማችሁ? «የሂፕሆፕ ክሊፕ ማለት መኪና፣ ወርቅና ሴት ነው። ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፤ የቱ የማን እንደሆነ አትለዩትም» አለ። አዘጋጁም ራሱን ነቅንቆ አሳለፈው። የሚያናድደው ይሄ ነው። እሺ፣ ድምፁን እናጥፋ። የአሜሪካዊውን ራፐር የኬንድሪክ ላማርን «ኦልራይት» ክፈቱ፣ የ2015ቱን (እዚህ የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጥቁርና ነጭ ነው። አራት ፖሊሶች ኬንድሪክ የተቀመጠበትን መኪና እንደ ቃሬዛ በትከሻቸው ተሸክመው ይሄዳሉ። ቆየት ብሎ ሰውዬው ከተማው ውስጥ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። መጨረሻ ላይ የመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ ቆሞ እናየዋለን፤ ከታች ያለ ፖሊስ ጣቱን እንደ ሽጉጥ አድርጎ ያነጣጥርበታል፤ ይወድቃል። መሬት ላይ ተዘርሮ ፈገግ ይላል። አንድም ቃል ሳይሰማ ይሄ ስለምን እንደሆነ የማይገባው ሰው አለ? መኪና እንደሆነ አለ። ማን እንደተሸከመው ግን እዩ።

አድማስ፦
ብራና፣ ከሺህ አንዱን መዝዘህ ሺውን አትከላከል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የወጡትን ደርድራቸው እስቲ። የሚያብረቀርቅ ሱፍ፣ ነጭ ክብ ኮሪደር፣ ከታች ወደ ላይ የተተከለ ካሜራ፣ ፊቱን ሌንሱ ላይ ሊለጥፍ የደረሰ ራፐር። ግጥሙ ስለ ድህነትም ይሁን ስለ ሞተ ጓደኛ፣ ምስሉ ያው ነው። ክሊፕ የግጥሙ አሽከር ነው። አሽከር የጌታውን መልእክት ማድረስ ነው ሥራው። የራሱን ወሬ ሲያወራ ከዋለ ምን ያደርጋል? እንግዳው ይህንኑ ነው ያለው፤ አባባሉ ሻካራ ሆነ እንጂ።

ኤዲተሩ፦
«አሽከር» የምትለዋ ላይ እንቁም። ክሊፕ መጀመሪያ የሚያገለግለው ምቱን ነው፤ ግጥሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በቁጥር ላሳይህ። በደቂቃ 90 ምት ያለው ዘፈን በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከተቀረጸ፣ አንዱ ምት ልክ 16 ፍሬም ይሆናል። አራት ምት ያለው አንድ ባር 64 ፍሬም ነው። ስኔር የሚባለው ሹል ድምፅ ያለው ከበሮ ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ስለሚወድቅ በየ32 ፍሬሙ መቁረጫ ቦታ አለህ። በዚያ ፍጥነት የተሠሩ ክሊፖች ቆረጣቸው እንደ ጭብጨባ የሚሰማህ ለዚህ ነው። ፍጥነቱ 140 ሲሆን ግን አንዱ ምት 10.29 ፍሬም ገደማ ይሆናል፤ ሙሉ ቁጥር አይመጣም። በየ10 ፍሬሙ እየቆጠረ የሚቆርጥ ኤዲተር ከ8 ባር በኋላ 9 ፍሬም ቀድሞ ይገኛል፤ አንድ ምት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው ማለት ነው። ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም «ይሄ ነገር ይረብሻል» ይላል። መፍትሔው አንዱን በ10፣ አንዱን በ11 እያደረጉ በጆሮ መቁረጥ ነው።

አድማስ፦
ራስህ መሰከርክልኝ። ቆረጣው ከበሮውን ከተከተለ ቃሉ የት ገባ? አራት መስመር የፈጀ አንድ ሐሳብ መሐል ላይ ምስሉ ስድስት ጊዜ ከተቀየረ ሦስተኛውን መስመር ማንም አይሰማውም። አሽከሩ ከበሮኛ ሆነና ጌታውን ረሳው።

ኤዲተሩ፦
ቃሉን የሚያጠፋው የቆረጣው ብዛት ሳይሆን ቦታው ነው። ራፕ ላይ ቤት የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ አራተኛው ምት ላይ ነው። እዚያው ላይ ምስል ከቀየርክ የቤት መምቻዋን ቃል ትውጣታለህ፤ ዓይን አዲሱን ምስል ሲያጣራ ቃሏ ታልፋለች። ሁለተኛው ምት ላይ ባለው ስኔር ቁረጥ፣ አራተኛው ላይ ፊቱን ያዝ፣ ቤቱ ከመታ በኋላ የሚቀጥለው ባር መግቢያ ላይ ቀይር። ያኔ ምስሉም ቃሉም ይደርሳል። ይህን የማያውቅ ኤዲተር አለ፤ ጥፋቱን ግን ለሙያው አትስጥ።

ያ የጠላኸው ፊትን ወደ ሌንስ ማስጠጋትም ምክንያት አለው። ፊሽ አይ የሚባለው ጎባጣ ሌንስ ቅርብ ያለውን ያገዝፋል፣ ራቅ ያለውን ያኮስሳል። ራፐሩ ከአንድ ክንድ በላይ ከራቀ አሻንጉሊት ያክላል። ሲጠጋ ግን ምቱን የሚቆጥረው እጁ ፍሬሙን ይሞላዋል። ሌንሱ ግራ ቀኝ፣ ላይ ታች ስለሚያይ መብራት የምታቆምበት ጥግ የለህም፤ መብራቱን ከጣሪያውና ከግድግዳው ውስጥ መገንባት ይኖርብሃል። ነጩ ክብ ኮሪደር የመጣው ከስንፍና አይደለም፤ ሌንሱ ነው ያስገደደው።

ሰናይት፦
ወንዶች ስለ ሌንስ ስታወሩ ከእንግዳው ሦስት ቃላት አንዷን ዘለላችኋት። «ሴት» ብሏል። እዚህ ላይ ሰውዬውን ሙሉ በሙሉ ውሸታም ማለት አይቻልም። በ2004 አትላንታ የስፔልማን ሴቶች ኮሌጅ ተማሪዎች ራፐሩን ኔሊን የሞገቱት ለምንድን ነው? የዱቤ ካርድ በሴት መቀመጫ መሐል እንደ ማሽን ሲያንሸራትት የሚታይበት ክሊፕ ነው ምክንያቱ። የኔሊ የበጎ አድራጎት ድርጅት ግቢያቸው ውስጥ የመቅኔ ለጋሾች ምዝገባ ሊያካሂድ ነበር፤ ተማሪዎቹ «መጀመሪያ ስለ ክሊፑ መልስ ስጠን» አሉ፤ ድርጅቱ ዝግጅቱን ሰረዘ። እነዚህ ሴቶች ሂፕሆፕን የሚጠሉ አልነበሩም። እንግዳው ያላየው ደግሞ ሌላውን ነው። በ1997 ራፐሯ ሚሲ ኤሊየት በዳይሬክተሩ ሀይፕ ዊሊያምስ ካሜራ ፊት እንደ ፊኛ የተነፋ ጥቁር ልብስ ለብሳ ቆመች። ያው ፊሽ አይ፣ ያው መቅረብ። የሰውነቷን ቅርጽ ግን ለማንም አላሳየችም፤ ሌንሱ የሚያገዝፈው እሷ እንዲገዝፍ የፈቀደችውን ብቻ ነው። በዚያው ዘመን ልማድ ልማዱን መታችው። አድማስ፣ ይቺ የማን አሽከር ናት?

አድማስ፦
የሚሲን አልነካሁም፣ ሰናይት። እሷ ልዩ ናት። ልዩ መሆኗ ራሱ ቀሪው አንድ ዓይነት ለመሆኑ ማስረጃ ነው።

ሰናይት፦
እንዲህ ከሆነማ ማንን ብጠራልህ «እሱ ልዩ ነው» ልትል ነው። የሚሸነፍ ክርክር ይዘህ ና።

ድርብ ቅኔ፦
እኔ ወደ ወርቁ ልመለስ። ሐብሉ ሰም ነው። ዓይን ሰሙን ያያል፣ ጆሮ ወርቁን ይፈልጋል። የራፕ ቡድኑ ራን ዲኤምሲ አባላት በ1980ዎቹ ያንን ወፍራም የወርቅ ገመድ አንገታቸው ላይ ሲያጠልቁ «ሀብታም ነን» ብቻ አላሉም፤ የሰፈራቸውን አለባበስ ሳይቀይሩ ቴሌቪዥን ውስጥ ገቡ። በ1986 ከሮክ ባንዱ ኤሮስሚዝ ጋር በሠሩት ክሊፕ ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ግድግዳ ተለይተው በጩኸት ይረባበሻሉ፤ የኤሮስሚዙ ዘፋኝ በማይክ መቆሚያው ግድግዳውን ይነድለዋል። ያ ግድግዳ ራሱ ቅኔ ነው። ቴሌቪዥኑ ራፕን ከዚያ ማዶ አቆይቶት ነበርና።

አድማስ፦
ግድግዳው ይሁንልህ። ሐብሉን ግን ቅኔ አታድርገው። ሰምና ወርቅ የሚሆነው አንዱ ቃል ሁለት ሲሆን ነው። ለአንድ ቀን ቀረጻ ተከራይቶ መጥቶ ማታ የሚመለስ ሐብል ሁለተኛው ፍቺው ምንድን ነው?

ድርብ ቅኔ፦
መከራየቱ ነዋ! የክሊፕ ወጪ በብዙ ውሎች በሙሉም ሆነ በከፊል ከአርቲስቱ ድርሻ እንደሚቀነስ ታውቃለህ። ሌብሉ (የሙዚቃ አሳታሚው ድርጅት) ያበድራል፣ ከሽያጩ ላይ ይቆርጣል። ባለሐብሉ ሰው ክሊፑ ላይ በታየ ቁጥር ዕዳው እየጨመረ ነው። ራፐሩ ድሬክ በ2018 ይህን ገልብጦ አሳየ፤ የክሊፑ በጀት 996,631 ዶላር ከ90 ሳንቲም መሆኑን መግቢያው ላይ ጽፎ ገንዘቡን ማያሚ ውስጥ ለሰው ሲያድል ተቀረጸ። ዳይሬክተሯ ካሬና ኤቫንስ ናት። በጀቱን ከመጋረጃ ጀርባ አውጥቶ ዋናው ገጸ ባሕርይ አደረገው።

ብራና፦
እዚያ ላይ እኔም ጥያቄ አለኝ። ስጦታን ቀርጾ ማሳየት ሐብል ከማሳየት በምን ይለያል? ድርብ ቅኔ፣ ወገኔ ነህ፣ ግን ይቺን አልወደድኳትም።

አድማስ፦
ይኸው! እርስ በርሳችሁም አልተስማማችሁም። እስከዚያው ሌላ ነገር ላንሳ። ስሎው ሞሽን ሲሆን የራፐሩ ከንፈር አንድ ቦታ፣ ቃሉ ሌላ ቦታ ነው። ቢያንስ አሽከሩ አፉን ከጌታው ጋር ይግጠም እንጂ።

ኤዲተሩ፦
ያ የሚሆነው ቀረጻው ላይ ሲሰነፍ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በ24 ለሚታይ ክሊፕ በ48 ፍሬም ከቀረጽክ እንቅስቃሴው በግማሽ ይዘገያል። ስለዚህ ቀረጻው ቦታ ላይ ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት ነው የሚለቀቀው፤ በ36 ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ። ራፐሩ በዚያ ፍጥነት ይላል፣ ምስሉ ሲዘገይ ከንፈሩ ከዋናው ድምፅ ጋር ይገጥማል፣ ልብሱና ጭሱ ግን ይንሳፈፋል። የሚበላሸው የት ነው? በ90 የተጻፈ ቨርስ፣ ማለትም ከአዝማቹ ውጭ ያለው ግጥም፣ በ180 ሲለቀቅ ምላስ አይደርስበትም። ራፐሩ ቃሉን ትቶ መንጋጋውን ብቻ ማንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ሲዘገይ የሚያላምጥ ይመስላል። ስለዚህ ሙሉውን ቨርስ በ48 አትቀርጽም። አዝማቹን በ48፣ ቨርሱን በ30 ታደርጋለህ፤ 30 ሲሆን የድምፁ ፍጥነት 125 በመቶ ነው፣ ሰው ይችለዋል። መግጠሙን የምታረጋግጠው ከንፈር በሚዘጋባቸው ድምፆች ነው፤ መ፣ በ እና ፐ ላይ። እነሱ ከገጠሙ ሌላው ይከተላል።

ሌላም አለ። ድምፁ ለ24 ተዘጋጅቶ ካሜራው 23.976 ላይ ከሆነ ልዩነቱ ከሺህ አንድ ነው፣ ትንሽ ይመስላል። 3 ደቂቃ ሳይቆረጥ በተቀረጸ አፈጻጸም ላይ ግን መጨረሻው 4 ፍሬም ያህል ይዛነፋል። ፈጣን ራፕ ላይ 4 ፍሬም አንድ ሙሉ የፊደል ድምፅ ነው። ያየኸው ይሄንን ሊሆን ይችላል።

አድማስ፦
ይሄን ሁሉ ጣጣ ለጭስና ለልብስ?

ኤዲተሩ፦
ለጭስና ለልብስ ብቻ አይደለም። በ1995 ዳይሬክተሩ ስፓይክ ጆንዝ ለራፕ ቡድኑ ፋርሳይድ በሠራው ክሊፕ ልጆቹ የገዛ ግጥማቸውን ከኋላ ወደ ፊት አጥንተው፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ ተቀረጹ፤ ፊልሙ ሲገለበጥ አፋቸው ገጠመ፣ ዓለሙ ግን ወደ ኋላ ፈሰሰ። እያንዳንዱን ድምፅ ተገልብጦ ማጥናት ነበረባቸው። ለግጥሙ ከዚህ በላይ የደከመ ማን አለ?

አንቀጽ፦
አሽከርና ጌታ ስትባባሉ ክሊፑ ፍርድ ቤት ገብቷል። በ2018 ዩቲዩብ በለንደን ፖሊስ ጥያቄ ድሪል የሚባለውን የራፕ ዓይነት ከ30 በላይ ክሊፖች ከገጹ አውርዷል። በ2023 ጆርጂያ ውስጥ በራፐሩ ያንግ ተግ ክስ ላይ ዳኛው የግጥም መስመሮች በቅድመ ሁኔታ ማስረጃ ሆነው እንዲቀርቡ ፈቅዷል። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2022 ባወጣችው ሕግ ዳኛው የፈጠራ ሥራን በማስረጃነት ከመቀበሉ በፊት በተከሳሹ ላይ የሚያሳድረውን ጭፍን ግምት እንዲመዝን አስገድዳለች። አሁን የእንግዳውን ቃል እዚህ ላይ አስቀምጡት። «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» ካልን፣ ክሊፑ ላይ የሚታየው ሽጉጥ የዘውጉ ልማድ ነው፤ የማንም ኑዛዜ አይደለም ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግ የሚለው ደግሞ ተቃራኒውን ነው፤ «ይሄ የሱ ነው፣ የሠራውን ነው የሚናገረው» ይላል። ክሊፕን የሚንቅ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ሊይዝ አይችልም።

አድማስ፦
አንቀጽ፣ የመጀመሪያ ጊዜ ከዚህ ወገን የሚረባ ነገር ሰማሁ። ግን እኔን ነው የሚደግፈው። ልማድ መሆኑን አመንክ።

አንቀጽ፦
ልማድ ነው ማለትና ባዶ ነው ማለት ይለያያል። ልማድ የሚያነበው ሰው ይፈልጋል። ማንበብ የማይችል ዳኛ ፊት ሲቀርብ ሰው ይታሰርበታል።

ብራና፦
አድማስ፣ እስቲ የመጨረሻ አንድ ልስጥህ። የግራንድማስተር ፍላሽ የራፕ ቡድን የ1982ቱ «ዘ ሜሴጅ»። ወርቅ ቢኖር ባይኖር ማንም አይቆጥርም። ግጥሙ የሚለውን ሰፈር ካሜራው ሄዶ ያሳያል፤ መጨረሻ ላይ ልጆቹ ጥግ ላይ ቆመው ሲያወሩ የፖሊስ መኪና ይደርስና ይወስዳቸዋል። ያንተን «አሽከር» የምታገኘው እዚህ ነው። ታማኝ ነው፣ ቃል በቃል ያደርሳል።

አድማስ፦
በትክክል! እኔ ያልኩት ይሄን ነው። ሁሉም እንዲህ ይሁን።

ሰናይት፦
ሁሉም እንዲህ ከሆነ «ዚስ ኢዝ አሜሪካ» አይኖርም። በ2018 ራፐሩ ቻይልዲሽ ጋምቢኖና ዳይሬክተሩ ሂሮ ሙራይ የሠሩት ማለቴ ነው። መጀመሪያ ጊታርና ዘማሪዎች ናቸው፣ የሚያስፈነድቅ ዜማ። ጋምቢኖ ወገቡን እያወዛወዘ መጥቶ ጭንቅላቱ የተሸፈነውን ሰው ከኋላ ይተኩስበታል፤ ተኩሱ የሚወድቀው ዜማው ተሰብሮ ከባዱ ቤዝ በሚገባበት ቦታ ነው። ሽጉጡን አንድ ልጅ በቀይ ጨርቅ፣ በጥንቃቄ፣ እንደ ውድ ዕቃ ይቀበለዋል። የተተኮሰበት ሰው ግን ወለል ላይ ይጎተታል። ግጥሙ ውስጥ ስለዚያ ጨርቅ አንድ ቃል የለም። አንተ በምትለው አሽከር ቤት ያ ጨርቅ የሚገባበት በር የለውም።

አድማስ፦
እንግዲያውስ እዚያ ላይ ዘፈኑ ነው አሽከር የሆነው። ያለ ክሊፑ አዳምጪው፣ ግማሽ ነው። ግጥም በራሱ መቆም ሲያቅተው እኔ ድል አልለውም።

ኤዲተሩ፦
ያንን ቦታ ድምፁን አጥፍተህ እየው፣ ከዚያ ምስሉን ሸፍነህ አዳምጠው። ቤዙ የሚገባበትን ፍሬም ቁጠርና ተኩሱ ከሱ ስንት ፍሬም እንደሚቀድም ወይም እንደሚዘገይ ንገረኝ። ከዚያ ማን ማንን እንደሚያዝ እንነጋገራለን።

አድማስ፦
እቆጥራለሁ። «አሽከር» ያልኩትን ግን አልሰርዝም።