የፑኔው ጉዞና የማዳመጫ ምሽቶቹ፦ የጋራ ሐሳብ ማዘጋጃ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊው፦
ሰላም ለሁላችሁ። በማኅበራችን ስብሰባ የተነሣውን የህንድ ሙዚቃ ጉዞ ሐሳብ በረቂቅ አስቀምጬዋለሁ። የመጨረሻው ጽሑፍ የሁላችንም ስለሚሆን ሳትራሩ አርሙት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ወሮቹ ግን በኛ።

«ህንድ ተምረን የተመለስንና ሙዚቃዋን የምንወድ አባላት በቡድን ሄደን ክላሲካል ኮንሰርት እንስማ። ታኅሣሥ መጀመሪያ ፑኔ ላይ የሳዋይ ጋንዳርቫ ቢምሴን ማሆትሳቭ የሚባል የሙዚቃ በዓል አለ። ከዚያ ማርጋዢ ለሚባለው የሙዚቃ ወቅት ቼናይ እንወርዳለን። ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ኮልካታ፣ ዶቨር ሌን የሚባለው የሙዚቃ ጉባኤ። ከጉዞው በፊት ለሚሄደውም ለሚቀረውም የማዳመጫ ምሽቶች ይኖራሉ።»

ገንዘብ ያዥዋ፦
ረቂቁ ያማረ ነው፣ ኪሳችን ግን አላነበበውም። ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ ጥር አጋማሽ ህንድ የሚከርመው ማን ነው? ገናንም ጥምቀትንም እዚያው ልንውል ነው ማለት ነው። አንድ ከተማ ምረጡና መዋጮውን እንደ ዕቁብ በየወሩ እንጣል።

ቼናይ የተማረው፦
አንድ ከተማ ከሆነማ ክርክር የለውም፣ ቼናይ ነው። ወሩን ሙሉ ሳባ የሚባሉት የሙዚቃ ማኅበራት በየአዳራሹ ከጠዋት እስከ ማታ ያዘፍናሉ። ከሰዓት የሚወጡት ወጣቶቹ ናቸው፣ ብዙውን ጊዜ በነፃ ይገባል። የሙዚቃ አካዳሚው ከ1928 ጀምሮ ያለ ነው። ዩኔስኮም በ2017 ቼናይን ከሙዚቃ ከተሞች ተርታ አስገብቷታል። ደግሞ ጊዜው ጾመ ነቢያት ነው፣ የየሳባው ካንቲን ሥጋ የሚባል አያውቅም። ኮንሰርቱን ሰበብ አድርጎ ዶሳ ለሚባለው ቂጣ የሚመጣ ሰው ሞልቷል።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
ልጄ፣ ሥጋ የለም ማለት ጾም ነው ማለት አይደለም። ቅቤውንና እርጎውን የት አደረግኸው? እርጎ ካልደረሰበት ምሳ እንደማይቆጠር አንተው ነህ ያጫወትኸኝ። የምግቡን ጉዳይ ከምርጫው እናውጣው፤ ጿሚ አባል የትም ከተማ ቢሄድ ጠይቆ ነው የሚበላው።

ፑኔ ያለው ተማሪ፦
እዚሁ ስላለሁ አድሎ አለብኝ፣ ቢሆንም ልናገር። ከአዲስ አበባ ሙምባይ ቀጥታ በረራ አለ። ከሙምባይ ፑኔ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመኪና ግማሽ ቀን አይፈጅም። ቼናይ ላይ በአንድ ምሽት ከብዙ አዳራሽ አንዱን መርጣችሁ ትገባላችሁ፤ ማታ ስትገናኙ አንዳችሁ የሰማችሁትን ሌላችሁ አልሰማችሁም። እዚህ መድረኩ አንድ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው ከአንድ ድንኳን ሥር ከሰዓት ተቀምጦ እስከ ማታ አንድ ላይ ይሰማል። በቡድን ለሚመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፤ ማታ እራት ላይ የሚያጨቃጭቃችሁ አንድ ዓይነት ነገር ይሆናል።

በዓሉን ዘፋኙ ቢምሴን ጆሺ በ1953 የጀመረው የመምህሩን የሳዋይ ጋንዳርቫን ሙት ዓመት ለማክበር ነው። ቢምሴን በ2011 ካረፈ ወዲህ የሱም ስም ከመምህሩ ስም ጎን ገብቷል። ሳዋይ ጋንዳርቫ ራሱ የአብዱል ካሪም ካን ደቀ መዝሙር ነበር። ቢምሴን ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለ የአብዱል ካሪም ካንን ዘፈን በሸክላ ሰምቶ ነው ይባላል፣ እንደዚያ የሚያዘፍነኝ መምህር እፈልጋለሁ ብሎ ከቤቱ የጠፋው። ስለዚህ ለማዳመጫ ምሽቶቹ አንድ መስመር አገኘን፦ የአብዱል ካሪም ካን ሸክላ፣ የሳዋይ ጋንዳርቫ ሸክላ፣ ከዚያ የቢምሴንና የጋንጉባይ ሃንጋል ረጃጅም ቅጂዎች። ሁሉም የኪራና ጋራና ልጆች ናቸው፣ ማለትም በመምህርና በደቀ መዝሙር ሐረግ የተያያዘ አንድ የአዘፋፈን ቤት።

ክራር ደርዳሪው፦
እኔን የሚያጓጓኝ ሌላ ነው። ቡፓሊ የሚሉትን ራጋ፣ ማለትም የራሱ ድምፆች፣ የራሱ አካሄድና የሚዘፈንበት ሰዓት ያለውን የዜማ ስልት፣ ክራሬ ላይ ስፈልገው ሜጀር ትዝታ ላይ አረፍሁ፤ አምስቱም ድምፅ አንድ ነው። ጉንካሊ ደግሞ ከአምባሰል ጋር ይገጥማል። አንድ ምሽት ለቅኝትና ለራጋ ይሰጠኝ። ክራርና መሰንቆ ይዘን እንመጣለን።

ፑኔ ያለው ተማሪ፦
ደስ ይለኛል፣ ግን «ቡፓሊ ማለት ትዝታ ነው» ብለን እንዳንጽፍ። ዴሽካር የሚባለው ራጋም እነዚያኑ አምስት ድምፆች ነው የሚይዘው። ቡፓሊ «ጋ» የሚሏት ሦስተኛዋ ድምፅ ላይ ያርፋል፣ የምሽት ነው። ዴሽካር ከፍ ብሎ «ዳ» የሚሏት ድምፅ ላይ ይከርማል፣ የጠዋት ነው። ቡፓሊ የጀመረ ዘፋኝ ዳ ላይ ቆየት ቢል አዋቂው አድማጭ ፊቱን ያጠቁርበታል።

ክራር ደርዳሪው፦
ይሄማ ለኛም አዲስ አይደለም። አምስቱን ድምፅ ስለነካ ብቻ ትዝታ የተጫወተ የሚመስለው ስንት አለ! እንግዲያው ምሽቱ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ የዘፋኟ የኪሾሪ አሞንካር ቡፓሊ፣ ቀጥሎ የማንም ቢሆን አንድ ዴሽካር፣ መጨረሻ ላይ ትዝታ በክራር። እስኪያልቅ ማንም አያብራራ። ያው የኛ ሰው ሙዚቃ ሲጀመር ነው ወሬ የሚያምረው፣ በሩ ላይ ጽፈን እንለጥፋለን።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
በዚህስ ከክራር ደርዳሪው ጋር ነኝ። ሲታር የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያ ይጫወት የነበረው ራቪ ሻንካር በ1971 ኒውዮርክ ለባንግላዴሽ በተዘጋጀው ኮንሰርት ላይ ሲታሩን ሲቃኝ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እሱም መቃኘቱን ይህን ያህል ከወደዳችሁት ጨዋታውን አብልጣችሁ ትወዱታላችሁ ብሎ አሾፈባቸው። ፑኔ ድንኳን ውስጥ ያንን እንዳንደግም አድማጩ ተዘጋጅቶ ይሂድ። ማዳመጫው እንደ ማሟያ ረቂቁ ግርጌ መቀመጡን አልወደድሁትም፤ የዕቅዱ መጀመሪያ እሱ ነው። የማይሄዱት አባላት ይበልጣሉ እኮ።

አንድ ደግሞ ለቼናይ ወገን ልናገር። እኔን ከዚህ ሙዚቃ ጋር ያስተዋወቁኝ የሒሳብ መምህሬ ናቸው፣ ከኬረላ የመጡ። በጃንሆይ ዘመን ብዙ ህንዳውያን አስተማሪዎች እንደነበሩን የዕድሜ እኩዮቼ ታውቃላችሁ። እሳቸው የሚያስሰሙን የደቡቡን የካርናቲክ ሙዚቃ ነበር፣ ዘፋኟን ኤም ኤስ ሱቡላክሽሚን። ጉዞው ፑኔ ከሆነ የምንሰማው ባብዛኛው የሰሜኑን የሂንዱስታኒውን ስልት ነው። ስለዚህ ከምሽቶቹ አንዱ የሷ ይሁን።

ቼናይ የተማረው፦
እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ፑኔን እቀበላለሁ፣ በዚህ ቅድመ ሁኔታ። በ1966 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አዳራሽ የዘፈነች፣ በ1998 ደግሞ ከሙዚቀኞች የመጀመሪያዋ የባራት ራትና፣ ማለትም የህንድ መንግሥት ታላቅ ሽልማት፣ ተሸላሚ የሆነች ሴት ናት። የሷን ምሽት እኔ አዘጋጃለሁ። የምሽቱን ቅደም ተከተልም እንደ ካርናቲክ ኮንሰርት አደርገዋለሁ፦ ቫርናም በሚባለው መክፈቻ ዜማ ተከፍቶ፣ ክሪቲ የሚባሉት ዝማሬዎች ተከትለው፣ መሐል ላይ ረጅሙ ራጋ መጥቶ፣ ማንጋላም በሚባለው መዝጊያ የሚዘጋ። እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ አዲ ታላ የሚባለውን የምት አዙሪት ስምንት ምቶች መቁጠር እንድትለምዱም አደርጋለሁ።

ጸሐፊው፦
ፑኔ ጸደቀ ማለት ነው። አንድ የቸገረኝ ነገር፦ ረቂቁ ላይ «ራጋዎቹን በተፈጥሯዊ ሰዓታቸው እንሰማለን» ብዬ ልጽፍ ነበር። ይቻላል?

ፑኔ ያለው ተማሪ፦
አትጻፍ። ድሮ በዓሉ ሌሊቱን ሙሉ ይዘለቅ ነበር። አሁን ግን የድምፅ ብክለት ደንቡ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ በአደባባይ ድምፅ ማጉያ ይከለክላል፤ ለጥቂት ቀናት ብቻ እስከ እኩለ ሌሊት ይፈቀዳል። ስለዚህ የጀምበር መጥለቂያውን ማርዋንና የምሽቱን ያማንን በሰዓታቸው ልታገኙ ትችላላችሁ። እንደ ዳርባሪ ያሉት የእኩለ ሌሊቶቹ ጠባብ ዕድል ነው ያላቸው። የንጋቱ ባይራቭና የረፋዱ ቶዲማ ከሰዓት ለሚጀምር መድረክ አይሆኑም። ሌሊቱን ሙሉ መስማት የፈለገ ኮልካታ ዶቨር ሌን ይሂድ። ከ1952 ጀምሮ ያለ ነው፣ በአዳራሽ ውስጥ ስለሆነ እስከ ንጋት ይቀጥላል። ጥር አጋማሽ ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ ነው የሚውለው።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
መድረኩ የተዋቸውን ራጋዎች ታዲያ ሸክላውና ሲዲው አስቀምጠውልናል። እኛ ደንብ አይከለክለንም። ከማዳመጫዎቹ አንዱ ለምን ምሽት ይሆናል? ማለዳ 12 ሰዓት እንገናኝና ባይራቭንና ቶዲን እንስማ።

ገንዘብ ያዥዋ፦
እሑድ ከሆነ ቅዳሴ ነው፣ እኔ የለሁም።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
ቅዳሜ ይሁን።

ክራር ደርዳሪው፦
እትዬ፣ ቅዳሜ በማለዳ ታክሲ የሚያገኝ ሰው መጀመሪያ ይጨብጨብለት። እሺ፣ መኪና ያላችሁ አባላት በየሰፈሩ አንሡን። ሻይና ዳቦ በኔ። ቅጂዎቹን በፍላሽ ልገልብጥ?

ጸሐፊው፦
ግልባጭ አንበትን። የገዛነውን ሲዲና በሕጋዊ መንገድ የሚገኘውን እናሰማለን። ሻዩን ግን መዝግቤብሃለሁ።

አንድ ጥያቄ ለተማሪያችን፦ ሸክላዎቹ ሦስት ደቂቃ ብቻ ናቸው፣ የቢምሴኑ አንድ ራጋ ግን ሰዓት ሊሞላ ይችላል። አዲስ አባል አይሰለችም?

ፑኔ ያለው ተማሪ፦
ለዚህ ነው ከሸክላው የምንጀምረው። በሦስት ደቂቃ ውስጥ አብዱል ካሪም ካን ራጋውን ጨምቆ፣ ፊቱን አሳይቶ ይጨርሳል። ያንን ሦስት ጊዜ እናሰማ። ከዚያ ረጅሙን ስታሰሙ የምት አዙሪቱን አስቆጥሯቸው። ካያል በሚሉት የአዘፋፈን ዓይነት፣ በዝግታ ሲዘፈን፣ አንድ የ12 ምት አዙሪት ብቻውን ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ዘፋኙ በድምፅ ሲዞር ሲዞር ቆይቶ «ሳም» የሚሉት የመጀመሪያው ምት ላይ ታብላ ከሚባለው ከበሮ ጋር አብሮ ያርፋል። ያንን ማረፊያ አንዴ መጠበቅ የጀመረ ሰው አይሰለችም። ፑኔ ላይ ሕዝቡ በአንድ ላይ «ዋህ!» የሚለው እዚያች ቦታ ላይ ነው። ማረፊያዋን ካልለዩ ጎረቤታቸው ለምን እንደጮኸ ሳይገባቸው ይመለሳሉ።

ጸሐፊው፦
የተሻሻለው ጽሑፍ ይኸው፦

«ማኅበሩ ከመስከረም እስከ ኅዳር አራት የማዳመጫ ጊዜያት ያዘጋጃል፦ የኪራና ጋራና ከሸክላ እስከ ረጅም ቅጂ፤ ቅኝትና ራጋ፣ ከክራርና መሰንቆ ጋር፤ የኤም ኤስ ሱቡላክሽሚ ምሽት፤ እና አንድ የቅዳሜ ማለዳ ለንጋትና ለረፋድ ራጋዎች። መግቢያው ለአባላትና ለቤተሰብ ነፃ ነው። በታኅሣሥ የሚችሉ አባላት ለአምስቱም የሳዋይ ጋንዳርቫ ቀናት ፑኔ ይሄዳሉ። ትኬት የሚገዛው በዓሉ ቀኑን ካሳወቀ በኋላ ነው። ተጓዡ ከማዳመጫዎቹ ቢያንስ ሦስቱን የተካፈለ ይሁን። ኮልካታ ለመሄድ የፈለገ በራሱ ወጪ ይሄዳል፣ ማኅበሩ ጓደኛ ያገናኘዋል።»

ገንዘብ ያዥዋ፦
«ቢያንስ ሦስቱን» የሚለውን ወደድሁት፣ ለሽርሽር ብቻ የሚመጣውን ያጣራልናል። የመቀመጫውን ነገር ግን ጨምሩበት። ፑኔ ምድር ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ የሚቀመጠው ትኬት ይረክሳል፣ ወንበሩ ይወደዳል። ጉልበት የሚያማቸው አባላት የወንበሩን ልዩነት ማኅበሩ ይሸፍንላቸው።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
ስሜን አልጠራሽም እንጂ ገብቶኛል። ተባረኪ፣ ወንበሩን እቀበላለሁ።

ቼናይ የተማረው፦
በኔ በኩል ጸድቋል። «ራጋ» የሚለውን ያለማብራሪያ አትተዉት፤ ለአዲስ አባል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩለት።

ጸሐፊው፦
የወንበሩንም የራጋውንም አስገባለሁ። ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍ፤ ቅዳሜ ለሥራ አስፈጻሚው አቀርበዋለሁ። ተጓዦች ፓስፖርታችሁን ከአሁኑ እዩ፣ ቪዛውንም አታዘግዩ። የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀት የሌላችሁ ቀድማችሁ ተከተቡ፤ ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው ህንድ ላይ ይጠየቃል፣ ወረቀቱም የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው።