በእንጨት የተሰካ የእርጎ አይስክሬም፦ ካሎሪው በእርግጥ ዝቅተኛ ነው?

የማራኪው ልጅ፦ ሰላም ጎንደሮች፣ ከሱፐርማርኬት ስገዛ ካሎሪው ዝቅተኛ የሆነውን በምን ልለይ? ቤት ሲሠራስ ለምን እንደ ድንጋይ ይጠጥራል?

አጓት፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ በማሸጊያው ላይ ያለው የካሎሪ ቁጥር ለአንዱ ፍሬ ነው ወይስ ለ100 ግራም የሚለውን አንብብ። 60 ግራም የሚመዝነው ፍሬ 100 ካሎሪ ካለው፣ በ100 ግራም 167 ገደማ ይሆናል። «ስብ የለውም» ሲል አትቸኩል፤ በስቡ ፈንታ ብዙ ጊዜ ስኳር ይጨመራል። ቅርጹ ከተጣመመና ላዩ በረዶ ካወጣ፣ መብራት ጠፍቶ ቀልጦ እንደገና የረጋ ሊሆን ስለሚችል ተወው።

ፒያሳ፦ የሚጠጥረው ስኳሩ ሲቀነስ ነው። ስኳር ውሃው በሙሉ በረዶ እንዳይሆን ያግዳል። 1 ኪሎ እርጎ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ቋጥረህ ፍሪጅ ውስጥ ለ4 ሰዓት አጓቱን አንጠፍጥፍ። ከወፈረው እርጎ ግማሽ ኪሎውን በ1 የበሰለ ሙዝና በ2 የሾርባ ማንኪያ ማር ምታና ለ8 ፍሬ አካፍለህ ፍሪዘር ውስጥ አስረጋ፤ ማሩ ለእያንዳንዱ የሚጨምረው 16 ካሎሪ ገደማ ነው። ከመብላትህ በፊት 10 ደቂቃ ውጭ አቆየው።

አጓት፦ ሙዙ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን እርጎው ከጥሬ ወተት የረጋ እንዳይሆን፤ ወተቱ አስቀድሞ ይፍላ፣ ማቀዝቀዝ ጀርም አይገድልም።